«አፈሩ በነፃ ነው» ሲባሉ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ውስጥ 5 ኤከር መሬት ገዝተዋል። ከባለቤታቸው ጋር ወደፊት ቤት ሊሠሩበት አስበዋል። ግማሽ ኤከር የሚሆነው ዝቅ ያለ ነው። በአማካይ 4 ጫማ ያህል መሞላት ይፈልጋል። ከታች በኩል ጅረት ያልፋል። ገልባጭ መኪና ያለው አንድ የአገር ልጅ «አፈር በነፃ አመጣልሃለሁ፣ ኮንክሪትና ጡብ ቢኖርበትም ችግር የለውም፣ ኢነርት ነው፣ ስቴቱ ፈቅዷል» አላቸው። ስድስት መኪና ተገለበጠ። ከዚያ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ አዩ። «ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ? የገዛ መሬቴ አይደለም እንዴ?» ይላሉ።

አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ምናልባትም ከአንድ በላይ። ሰባተኛው መኪና እንዳይመጣ ዛሬውኑ ይደውሉለት። የመጡት ስድስቱ ብዙም አላሳሰቡኝም፤ መጨረሻ ላይ እመለስባቸዋለሁ። እኔ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ የመሬት ማስተካከያ ፕላን ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው በዚህ ጉዳይ ሲቸገር የማየው ሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁትን ሁለት የተለያየ ጥያቄ አንድ አድርጎ ሲያየው ነው።

የአገር ልጁ አልዋሸም። ግማሹን ነው የነገረዎት። የቨርጂኒያ የደረቅ ቆሻሻ ደንብ ድንጋይ፣ ጡብ፣ ብሎኬት፣ አፈር፣ የተሰባበረ ኮንክሪት፣ የተፈጨ መስታወት፣ ፖርሴሊንና የመንገድ አስፋልት ለንጹህ ሙሌት ከዋሉ የቆሻሻ መጣያ ፈቃድ አይጠይቅባቸውም። ኢነርት የሚባሉትም ስለማይበሰብሱ፣ ስለማይቃጠሉና ውኃ ውስጥ ሟምተው ስለማይገቡ ነው። ይህም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ቦታው የቆሻሻ ክምር እንዳይሆን፣ አደጋ እንዳይፈጥር፣ ሰፈሩን እንዳያውክ። እንጨት፣ ጂፕሰም ቦርድ፣ የጣሪያ ሺንግል ወይም ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ያ የግንባታ ቆሻሻ ነው፤ የሚሄደውም ፈቃድ ወዳለው መጣያ ብቻ ነው።

እንግዲህ ስቴቱ የመለሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህ ነገር ቆሻሻ ነው ወይ?» የሚለውን። ካውንቲው የሚጠይቀው ሌላ ነው። «እዚህ ቦታ ላይ፣ ይህን ያህል መጠን፣ ለምን ዓላማ?» ይላል። ያንኛው ስለፈቀደ ይህኛውም ፈቅዷል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ካርታ ያለው ሰው ሁሉ የግንባታ ፈቃድ አለው እንደማንለው ነው።

የመጀመሪያው በር ዞኒንግ ነው፤ የትኛው መሬት ለምን ሥራ ይውላል የሚለው ደንብ። ይህ የካውንቲው ሥራ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ 95 ካውንቲና 38 ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች አሉ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ማናሳስ ከተማ በፕሪንስ ዊልያም የተከበበች ናት፤ ግን ደንቧ የብቻዋ ነው። ስለዚህ «ፌርፋክስ ያለው አጎቴ ምንም አልተባለም» የሚለውን ወሬ ይተዉት። የአጎትዎ ካውንቲ ሌላ፣ የእርስዎ ሌላ።

ዞኒንግ ሙሌትን የሚያየው በሁለት ዓይን ነው። አንደኛው፣ የተፈቀደ ግንባታ አካል አድርጎ። የቤት ፕላን አስገብተዋል፤ የመሬት ማስተካከያው በፕላኑ ላይ ተሥሏል፤ አፈሩ የሚመጣው ያንን ፕላን ለመሙላት ነው። ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም። ሁለተኛው፣ ሙሌቱን ራሱን እንደ አንድ ሥራ አድርጎ። ቤት የለም፣ ፕላን የለም፣ ከሌላ ሳይት የወጣ አፈር መጥቶ ይገለበጣል። ይህን ብዙ ካውንቲዎች የአፈር ማከማቻ ወይም መጣያ ብለው ያዩታል። የመኖሪያና የእርሻ ዞን ላይ ወይ ጭራሽ አይፈቀድም፣ ወይ በልዩ ፈቃድ ነው። ልዩ ፈቃድ ማለት ደግሞ የሕዝብ ስብሰባ ማለት ነው። ያ ፎቶ ያነሳው ጎረቤትዎ ማይክሮፎን ይዞ የሚናገርበት ስብሰባ። በየመኪናው ገንዘብ ከተቀበሉማ የንግድ ሥራ ነው ለማለት ምክንያት አገኙ።

የእኔ ምክር ከዚህ ይነሳል፤ ቤቱን ያስቀድሙ። መጀመሪያ የቤቱና የመሬቱ ፕላን፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ከዚያ በኋላ አፈሩ። ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ፕላን ማሠራት ይቻላል፤ ግን መሐንዲሱ አፈሩን እንደገና ሲያስቆፍር ሂሳቡ ወደ እርስዎ ነው።

አንዳንድ ሰው «ለእርሻ ነው በላቸው» ይልዎታል። እውነት ነው፣ የአፈር መሸርሸር ሕጉ ማረስን፣ መዝራትንና ማጨድን አይነካም። 290 መኪና አፈር ማራገፍን ግን ማንም ማረስ አይለውም።

290 ከየት መጣ? እስቲ አብረን እናስላው። ግማሽ ኤከር 21,780 ካሬ ጫማ ነው። በ4 ጫማ ሲባዛ 87,120 ኪዩቢክ ጫማ። ለ27 ሲካፈል ወደ 3,230 ኪዩቢክ ያርድ። ይህ ተጠቅጥቆ ያለቀ መጠን ነው። መኪና ላይ ያለ አፈር ልል ስለሆነ ሲጠቀጠቅ ይቀንሳል፤ ሩብ ያህል ልጨምርበት። 4,000 ያርድ ገደማ ሆነ። ባለ ሦስት አክሰል ገልባጭ 14 ያርድ ያህል ይይዛል ብንል ወደ 290 ምልልስ ነው። መግባትና መውጣቱን ከቆጠርን 580 ጊዜ በዚያች ጠባብ መንገድ ያልፋል። እርስዎ በደብዳቤዎ «ጥቂት መኪና» ነው ያሉት። ጎረቤትዎ ሂሳቡን ቀድሞ የሠራው ይመስለኛል።

ለምን በነፃ እንደመጣ ግልጽ ነው። በአሽበርንና በማናሳስ አካባቢ ዳታ ሴንተር ይቆፈራል፣ መንገድ ይሰፋል፣ ቤት ይሠራል። የወጣው አፈር መድረሻ ይፈልጋል። ፈቃድ ያለው ቦታ ደግሞ በየመኪናው ያስከፍላል፤ ርቀቱም ናፍጣ ይበላል። የእርስዎ መሬት ይህን ሁሉ ወጪ ይቆርጥለታል። ክፋት የለበትም፣ ንግድ ነው። ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ይወቁ። ካውንቲው ሲመጣ መኪናው የለም፤ መሬቱ ግን በስምዎ ነው። የጥሰት ማስታወቂያው ለእርስዎ ይመጣል።

ሁለተኛው በር የመሬት መንካት ደንቡ ነው። የስቴቱ ሕግ 10,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ መሬት ሲነካ፣ ማለትም ሲቆፈር፣ ሲገፈፍ ወይም ሲሞላ፣ የአፈር መሸርሸርና የጎርፍ ውኃ መቆጣጠሪያ ፕላን ይጠይቃል። የቼሳፒክ ቤይ ጥበቃ ሕግ በሚሠራባቸው ቦታዎች ገደቡ ወደ 2,500 ይወርዳል። ፕሪንስ ዊልያም እዚያ ውስጥ ናት። 2,500 ካሬ ጫማ ማለት 50 በ50 ነው፤ ከአንድ መለስተኛ ቤት መቀመጫ አይበልጥም። የእርስዎ ግማሽ ኤከር ስምንት እጥፍ ያልፈዋል። ደግሞ የሚቆጠረው የሚሞላው ቦታ ብቻ አይደለም። መኪናው የሚዞርበት፣ አፈሩ የሚከመርበት፣ የመግቢያው መንገድ፣ ኋላ የሚሠራው ቤት፣ ሁሉም ይደመራል። ድምሩ 1 ኤከር ከደረሰ የስቴቱ የኮንስትራክሽን ጎርፍ ውኃ ፈቃድም ይጨመራል። «ዘንድሮ ግማሹን፣ ለከርሞ ግማሹን» ብሎ መቆራረጥ አያዋጣም፤ የአንድ ሥራ አካል ከሆነ አንድ ላይ ነው የሚታየው።

ሦስተኛው ጅረቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎን ሳነብ ቀድሞ ዓይኔ የገባው እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት ከሆነ ከዳሩ 100 ጫማ ድረስ የተጠበቀ ክልል ነው። እዚያ ውስጥ አፈር መጣል አይቻልም፣ ዛፍ መቁረጥም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል አይፈስም የሚለውን ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ይወስናል እንጂ በበጋ አንድ ቀን ደርቆ ስላዩት አያልቅም። ቀጥሎ የጎርፍ ካርታው አለ። የፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ካርታ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። አድራሻዎን ያስገቡና ዝቅ ያለው ቦታ «ኤ» ወይም «ኤኢ» የሚባለው የጎርፍ ዞን ውስጥ መግባቱን ይዩ። ከገባ አንድ አካፋ አፈር ከመጣልዎ በፊት የካውንቲው የጎርፍ ሜዳ ፈቃድ ይጠየቃል። ውኃው የሚያርፍበትን ቦታ ሲሞሉት ውኃው አይጠፋም፤ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ረግረግ ካለ ደግሞ የፌዴራሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ክፍልና የስቴቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት ይገቡበታል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሥልጣን አጥብቦታል። ያንን ሰምቶ «ረግረግ ነፃ ወጣ» የሚል አለ። ቨርጂኒያ ግን የራሷ የውኃ ጥበቃ ፈቃድ አላት፤ እሱ አልተነካም።

አንድ ዘዴ ልንገርዎ። ዝናብ በጣለ ማግስት ቦት ጫማ አድርገው ይውረዱ። መሬቱ ጫማዎን እየሳበ «ጭቅ ጭቅ» ካለ፣ ሣሩም ቄጠማ ከመሰለ፣ ለገልባጭ ሳይሆን ለረግረግ ባለሙያ ይደውሉ።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝና ከሁሉ የከፋ ኪሳራ የሚያመጣውን ልንገርዎ። ሴፕቲክ፤ የቤቱ ፍሳሽ እዚያው ግቢ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ሥርዓት። 5 ኤከር ገጠር ላይ የከተማ ፍሳሽ መስመር ላይኖር ይችላል። ከሌለ ቤቱ የሚሠራው መሬቱ ፍሳሽ መምጠጥ ከቻለ ብቻ ነው። ያ የሚለካው ደግሞ በተፈጥሮ አፈር ላይ ነው። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ እሱም «ነፃ አፈር» ተቀብሎ ሜዳውን አስተካክሎ ሣር ዘርቶ ነው የጠራኝ። ሲያዩት ያምራል። ፈቃድ ያለው የአፈር መርማሪ መጣ። ሥራቸው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ይዞ ይቆፍራል፤ የወጣውን አፈር መሬት ላይ በተርታ ይደረድራል፤ በጣቱ አርጥቦ ያሻል፤ ከትንሽ የቀለም ደብተር ጋር ያስተያያል። ግራጫ ነጠብጣብ ካየ ውኃ በዓመቱ ውስጥ እዚያ ድረስ ይወጣል ማለት ነው። ያን ቀን መጀመሪያ ቢጫ አፈር ወጣ። ከዚያ የጡብ ስባሪ። ከዚያ መሰርሰሪያው ኮንክሪት ነክቶ ቆመ። ቦታ ቀየረ፤ እንደገና ቆመ። በሦስተኛው 4 ጫማ ላይ ጥቁር የሣር ሥር ወጣ። የድሮው መሬት ነው። ከሥሩ ያለው አፈር ግሩም ነበር። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝ። በመሬቱ ላይ ለፍሳሽ የሚሆነው ጥሩ ቦታ ያ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀብሯል። ደንበኛዬ በነፃ ያስገባውን አፈር ከፍሎ አስወጣው። መኪና ስለተመላለሰበትም የታችኛው አፈር ተጠቅጥቆ እንደ ድሮው አልመጠጠም።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ከመሐንዲሱም በፊት፣ የአፈር መርማሪ ይጥሩ። ለፍሳሽ የሚሆነውን ቦታና የመጠባበቂያውን ለይቶ ያሳይዎት። በእንጨት ካስማና በሪባን ያጥሩት። እዚያ ላይ መኪና አይለፍ።

የአፈሩ ጥራትም አለ። አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። ከአሌክሳንድሪያ ጀምሮ በስፕሪንግፊልድ፣ በሎርተንና በውድብሪጅ በኩል ማሪን ክሌይ የሚሉት ሸክላ አለ። እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ተዳፋት ላይ ይንሸራተታል። የእኛን አገር መረሬ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቤት ሥር ከገባ ግድግዳ ይሰነጥቃል። በፌርፋክስ መሐል ደግሞ በተፈጥሮው አስቤስቶስ ያለበት አለትና አፈር የሚገኝባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ሲቆፈር አቧራውን የሚቆጣጠር የተለየ ሥርዓት አለ። ያ አፈር ወደ እርስዎ እንዳይመጣ ከየትኛው ሳይት እንደወጣ መጠየቅ ነው። የድሮ ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ ወይም ልብስ አጠባ የነበረበት ቦታ ከሆነ አይቀበሉ። የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ካላመጣ ቃሉ አይበቃም።

ጭነት ሲመጣ ዳር ቆመው አይዩ። ከመገልበጡ በፊት ይጠጉ። ያሽትቱት። የናፍጣ ሽታ ካለ ይመለስ። ሲገለበጥ ደግሞ ወደ መሐሉ ይዩ፤ ቆሻሻ የሚደበቀው መሐል ነው። ሽቦ፣ ቱቦ፣ ነጭ የጂፕሰም ዱቄት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ካዩ ያስቁሙ። ኮንክሪት ከሆነ ፌሮው ተቆርጦ የወጣ ይሁን። ፌሮ እንደ እሾህ የቆመበት ኮንክሪት ንጹህ ሙሌት ተብሎ አያልፍም። የየጭነቱን ቀን፣ የመኪና ቁጥርና የመጣበትን አድራሻ በደብተር ይጻፉ፤ ፎቶ ያንሱ። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ኋላ «ይህን ማን አመጣው?» ሲባል ግን ሌላ ማስረጃ አይኖርዎትም።

ቤቱ ሙሌት ላይ የሚቆም ከሆነ እንዲሁ መገልበጥ ዋጋ የለውም። በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ፣ በጂኦቴክኒካል (የአፈር ጥንካሬ) መሐንዲስ እየተለካ መውጣት አለበት። ዶዘር ገፍቶ ያስተካከለው ክምር ለሣር ይሆናል፤ ለመሠረት አይሆንም። ቁርጥራጭ ኮንክሪት ከገባበት ደግሞ በመሐሉ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ አፈሩ ወደዚያ ይሰምጣል።

መንገዱን ቶሎ ልለፈው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር የካውንቲ መንገዶችን በአብዛኛው የሚያስተዳድረው ቪዶት፣ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ነው። ከባድ መኪና የሚገባበት አዲስ መግቢያ ከከፈቱ የእነሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። መግቢያው ላይ ጭቃ የሚያራግፍ የድንጋይ ንጣፍ ይደረጋል። ጎረቤት ስልክ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ አስፋልቱ ላይ ጭቃ ሲያይ ነው።

አሁን ወደ ካውንቲው። የዞኒንግ ቢሮ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «ይቻላል» ብትልዎ አመስግነው ይውጡ፤ ግን አይመኑበት። ለዞኒንግ አስተዳዳሪው በጽሑፍ ይጠይቁ። የመሬቱን መለያ ቁጥር፣ የሚሞላውን ስፋትና ቁመት፣ የአፈሩን ዓይነትና ዓላማውን ይጻፉ። በስቴቱ ሕግ አስተዳዳሪው በ90 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የጽሑፉ ጥቅም ይህ ነው፤ መልሱን አምነው በቅን ልቦና ሥራ ከገቡ ከ60 ቀን በኋላ «ተሳስተን ነበር» ብለው በቀላሉ ሊያነሱት አይችሉም። በቃል የተባለ ነገር ይህን ጥበቃ አያገኝም። እግረ መንገድዎን፣ መሬቱ በእርሻ ግብር ቅናሽ ተመዝግቦ ከሆነ የካውንቲውን የግብር ቢሮ ይጠይቁ። ከእርሻ ጥቅም ከወጣ የያዝነውን ዓመትና ያለፉትን 5 ዓመታት ልዩነት ወደ ኋላ ተመልሰው ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

ደንብ አስከባሪው ቢመጣስ? እዚህም አብዛኛው የሚመጣው በጥቆማ ነው። አይጣሉት፣ አይደበቁት። የጥሰት ማስታወቂያ በጽሑፍ ከደረሰዎት ቀኑን ካሌንደር ላይ ያስምሩ። ለዞኒንግ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። 31ኛው ቀን ላይ ማስታወቂያው ትክክል ባይሆን እንኳ የጸና ይሆናል። «ከኢንስፔክተሩ ጋር እየተነጋገርን ነው» ብሎ ጊዜውን ያሳለፈ ሰው ብዙ ነው። የዞኒንግ የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለመጀመሪያው 200 ዶላር፣ ለተከታዩ 500 ዶላር ድረስ ነው፤ ይህ የሚቻል ነው። የአፈር መሸርሸርና የጎርፍ ውኃ ጥሰቱ ግን ሌላ ነው። እዚያ ስቴቱ በፍርድ ቤት በቀን እስከ 32,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ለግል ባለይዞታ ያን ያህል ሲደርስ አላየሁም፤ ግን ከጅረት አጠገብ ላለ ሰው አልነግረውም ብዬ መዝለል አልፈለግኩም።

ስለ ስድስቱ መኪና። 84 ያርድ ገደማ ነው። ከጅረቱ ከ100 ጫማ በላይ ርቆ ከተከመረ፣ ከጎርፍ ዞንም ውጭ ከሆነ፣ በዙሪያው የደለል መከላከያ ጨርቅ ይትከሉ፤ ላዩን በሣር ወይም በገለባ ይሸፍኑት። ለካውንቲው ሲጽፉ «ስድስት ጭነት መጥቷል፣ አስቁሜያለሁ» ብለው ራሳቸው ሳያገኙት ይንገሯቸው። ከጅረቱ ቅርብ ከሆነ በራስዎ ማሽን አስገብተው አይጎትቱት፤ መጀመሪያ የካውንቲውን የአካባቢ ክፍል ይጠይቁ። በላኩት ፎቶ ላይ በስተግራ ያለው ክምር ፌሮ ይታይበታል። እሱን ያመጣው የአገር ልጅ ይመልሰው። በነፃ ያመጣውን በነፃ ይውሰድ።